ሦስት ወጣቶች፣ አንድ ንዳድና የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፦ የአንድ ዓለም አቀፍ ሚሲዮን እድገት ከመርሳ ሲታይ

መርሳ ላይ ላደገ ልጅ «ቦሩ ሜዳ» የሚለው ስም ሁለት ነገር ነው። ትምህርት ቤት ስንማር ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ሆስፒታል ነው፣ ያውም «የሚሲዮኑ ሆስፒታል»። የአያቴ ታላቅ ወንድም ከሀብሩ ገጠር ተነስተው ወደዚያ የሄዱት አያቴ ገና ልጅ ሳለች ነው። ለምን እንደሄዱ በቤታችን በግልጽ አይወራም ነበር። «አመማቸውና ቦሩ ሜዳ ሄዱ» ይባላል፣ ከዚያ ወሬው ይቀየራል። ሥጋ ደዌ እንደነበር የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እነዚያ ፈረንጆች እነማን ነበሩ? ከየት ተነስተው ነው ወሎ የደረሱት? ያቋቋማቸው ድርጅት እንዴት አድጎ ነው እዚህ ድረስ የዘለቀው? ለመሐንዲስ ደግሞ «አደገ» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ የተለካው ምንድን ነው? ከስንት ወደ ስንት? በስንት ጊዜ? እስቲ በዚህ ዓይን አብረን እንየው። (ዓመታቱ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ወጣቶችና የማይታይ ገዳይ

ድርጅቱ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤስ አይ ኤም ይባላል። ሲነሳ ሙሉ ስሙ «ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን» ነበር። እዚህ ላይ «ሱዳን» ሲባል ዛሬ የምናውቃት ጎረቤት አገር ብቻ እንዳትመስላችሁ። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ የተዘረጋውን ሰፊ መቀነት ሁሉ ሱዳን ይሉት ነበር።

በታኅሣሥ 1893 ሦስት ወጣቶች ሌጎስ ወደብ ላይ ወረዱ። ዋልተር ጎዋንስ፣ ቶማስ ኬንትና ሮላንድ ቢንግሃም ይባላሉ፤ ሦስቱም በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። የተደራጀ የቤተ ክርስቲያን ቦርድ አልላካቸውም፤ ወደ መሃል አገር መግባት ሞትን መጥራት ነው ተብሎ ደጋፊ ማግኘት አቅቷቸው ነበር። ጎዋንስና ኬንት ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ቢንግሃም ስንቅ እንዲያቀብል ባሕር ዳርቻ ቀረ።

አንድ ዓመት ሳይሞላ ጎዋንስም ኬንትም በበሽታ ሞቱ። ቢንግሃም ራሱ በወባ ክፉኛ ታሞ ነበር፤ ብቻውን ተመለሰ። በ1900 እንደገና ሞከረ፣ ወባ እንደገና መለሰው። ሦስተኛው ሙከራ ነው የተሳካው፤ በ1902 ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር ፓቲጊ በተባለ ቦታ የመጀመሪያው ጣቢያ ተከፈተ። ድርጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሁለት መቃብርና ከአንድ በሽተኛ ሰው በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረውም።

ሀብሩ ቆላ ላይ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ አይገርመውም። ንዳድ ምን እንደሆነ እናውቃለን። የሚገርመው የጊዜ አቆጣጠሩ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቭራን የወባን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ያየው በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ ያረጋገጠው ግን በ1897 ነው። ሦስቱ ወጣቶች ሌጎስ የደረሱት በእነዚህ ሁለት ግኝቶች መካከል ነው። ኪኒን ይታወቅ ነበር፤ በሽታው ከየት እንደሚመጣ ግን ብዙው ሰው ገና «ከመጥፎ አየር» ነው ብሎ ያስብ ነበር። ምክንያቱን ሳያውቁ መከላከል ማለት ደግሞ ቧንቧው የት እንደሚያፈስ ሳያዩ ወለል መወልወል ነው።

ስለዚህ የድርጅቱ የመጀመሪያ እድገት ከጽናት ሌላ የሕክምና ሳይንስም ድርሻ አለበት። ይህ ነገር ኋላ ቦሩ ሜዳ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ከእነርሱ በፊት በወሎ ያለፈ ሰው

ወሎ ሚሲዮናዊ ያየችው በኤስ አይ ኤም ዘመን አይደለም። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ በ1799 ለንደን በተመሠረተው የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ስም፣ በ1839 ሸዋ ገብቶ አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ተቀምጦ ነበር። በ1842 ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት መጀመሪያ በእንግድነት ተቀብሎት፣ ኋላ ግን ይዞ ንብረቱን ሁሉ ወሰደበት። ክራፕፍ ባዶ እጁን ተራራውን እያቋረጠ ምፅዋ ደረሰ። የጉዞ ማስታወሻው ከባልደረባው ከአይዘንበርግ ማስታወሻ ጋር በ1843 ለንደን ታትሟል።

ይህን የማነሳው ለወሬ ያህል አይደለም። የክራፕፍ ዘመን ሚሲዮን በአንድ ሰውና በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ንጉሡ ፊቱን ካዞረ ወይም መንገድ ላይ አንድ ባላባት ከተነሳ ሥራው ሁሉ ያበቃል። በምህንድስና ቋንቋ አንድ ክፍል ሲበላሽ መላው ማሽን የሚቆምበት ንድፍ ማለት ነው። ኤስ አይ ኤምን የመሰሉት የኋላ ድርጅቶች የተለየ አሠራር ይዘው መጡ። በ1865 ለቻይና የተቋቋመው ሚሲዮን የጀመረውን መንገድ ተከትለው ከልዩ ልዩ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናት ሰው ይቀበላሉ፣ ቋሚ ደመወዝ ቃል አይገቡም፣ ገንዘቡ ከብዙ ትንንሽ ለጋሾች ይመጣል፣ ጣቢያው በብዙ ቦታ ይበተናል። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይቀጥላል።

ላምቢ፦ ወደ ጅማ ሲሉ ወላይታ

ኢትዮጵያ ውስጥ የድርጅቱ መነሻ ቶማስ ላምቢ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ላምቢ መጀመሪያ በሌላ ሚሲዮን ሥር ሆኖ በ1919 ከሱዳን በኩል ወለጋ ገባ። ከራስ ተፈሪ ጋር ተዋወቀና አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አሠራ። ከዚያ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ለደቡብ ኢትዮጵያ የሚሆን ትንሽ ሚሲዮን መሠረተ። በ1927 ትንሹ ከትልቁ ጋር ተቀላቀለና ኤስ አይ ኤም ኢትዮጵያ ገባ፤ የመጀመሪያው ቡድን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ አዲስ አበባ ደረሰ።

ዕቅዱ ጅማ ነበር። ነገር ግን በ1928 መንገድ ላይ የሆሳዕና፣ የወላይታና የሲዳማ አካባቢ ሹማምንት ስለተቀበሏቸው እዚያው ቀሩ። የሶዶ ጣቢያ በዚህ መልክ ተተከለ። መጀመሪያ ላይ ሥራው አዝጋሚ ነበር። ወላይታ ላይ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1933 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ተለፍቶ አሥር ሰው! በዛሬ አነጋገር ገምጋሚ ቢመጣ ፕሮጀክቱን «ውጤታማ ያልሆነ» ብሎ ይዘጋው ነበር።

ቦምብ በደሴ፣ ቦምብ በቆረም

ከዚያ ጦርነት መጣ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1935 ሲቋቋም ላምቢ ከዋና አስተባባሪዎቹ አንዱ ሆነ፤ ቀደም ሲልም የኢትዮጵያ ዜግነት ወስዶ ነበር። የጦርነቱ የሰሜን ግንባር መንገድ ደግሞ የእኛው መንገድ ነው፤ ከደሴ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ቆረም፣ ከዚያ ማይጨው።

ታኅሣሥ 6 ቀን 1935 ጃንሆይ ደሴ ባሉበት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። በቦምብ ከተመቱት አንዱ ከሌላ ሚሲዮን፣ ከአድቬንቲስቶች፣ የመጡ ሐኪሞች የሚሠሩበት ሆስፒታል ነው። በመጋቢት 1936 ደግሞ ቆረም አጠገብ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጓድ ተደበደበ። ሜሊ ራሱ በግንቦት አዲስ አበባ ላይ በተነሳው ሁከት ተመትቶ ሞተ። ከኤስ አይ ኤምም ክሊፎርድ ሚቼልና ቶም ዴቨርስ የተባሉ ሁለት ወጣት ሚሲዮናውያን በዚያው ግንቦት በጉዞ ላይ ሳሉ ተገደሉ።

የላምቢ መጨረሻ ደስ አይልም፤ መተው ግን አይገባም። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ላምቢ የሚሲዮኑን ሥራ ለማትረፍ ሲል ከአዲሱ ገዥ ጋር ተስማማ፣ ስለ ጣሊያን የጦር ወንጀል የተናገረውንም መልሶ አለሳለሰ። ይህ በኢትዮጵያውያን አርበኞች ዓይን ትልቅ ቅሬታ ነበር። ከነጻነት በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ሥራው አልተመለሰም፤ ፍልስጥኤም ውስጥ ቤተልሔም አጠገብ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መሥርቶ በ1954 እዚያው አረፈ። የተቋም ሕልውናና የተናገሩት እውነት ሲጋጩ ተቋሙን የመረጠ ሰው ነው። ብዙ መልካም ሥራ ስለሠራ ይህ አይሰረዝለትም፤ ይህም ስላለ መልካም ሥራው አይሰረዝም።

ከ48 ወደ 10,000፦ እስቲ እናስላው

በ1937 ሚሲዮናውያኑ ከሶዶ እንዲወጡ ተደረገ። ሲወጡ ወላይታ ላይ የተጠመቁት አማኞች ቁጥር 48 ያህል ነበር። የጣሊያን አስተዳደር የቀሩትን አማኞች አሠረ፣ ገረፈ፤ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ የአገሬው መሪዎች በአደባባይ ተገርፈዋል። ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ 48ቱ ጠፍተው ይሆናል ብለው ፈርተው ነበር። ያገኙት ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነው።

እዚህ ላይ ካልኩሌተር ላውጣ። 10,000 ለ48 ሲካፈል 208 ገደማ ነው። ይህ ማለት ቁጥሩ ወደ 7.7 ጊዜ እጥፍ ሆኗል። ጊዜውን አምስት ዓመት፣ ማለትም 60 ወር ብንወስድ፣ በየ7.8 ወሩ አንድ እጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። በዓመት ሲሰላ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሚሲዮናውያኑ ባሉበት አምስት ዓመት ከዜሮ ወደ አሥር፣ በሌሉበት አምስት ዓመት ከ48 ወደ 10,000።

ስሌቱን ስናይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቁጥሩን ያወጣው ሚሲዮኑ ራሱ ነው፣ 10,000ውም ግምት ነው። ሁለተኛ፣ መነሻው የተጠመቁትን ብቻ ይቆጥራል፤ ሳይጠመቁ ይሰሙ የነበሩት አልተቆጠሩም። መነሻችን 48 ሳይሆን 500 ነው ብንል እንኳ በአምስት ዓመት 20 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ስህተቱ ትልቅ ቢሆንም ዋናው ነገር አይለወጥም። ፈረንጁ ሲሄድ እድገቱ አልቆመም፤ ፈጠነ።

ለምን? መስመራዊ እድገትና ኤክስፖነንሻል እድገት የሚለያዩት አዲሱን ሰው ማን ያመጣዋል በሚለው ላይ ነው። አስተማሪው ሚሲዮናዊ ብቻ ከሆነ እድገቱ በሚሲዮናውያን ቁጥር ይገደባል። የተማረው ሁሉ በተራው አስተማሪ ከሆነ ግን ገደቡ ይነሳል። በወላይታ የሆነው ሁለተኛው ነው፤ መልእክቱ በአገሬው ቋንቋ፣ በአገሬው ሰው አፍ፣ ከመንደር መንደር ሄደ። መሬቱም ቀድሞ የታረሰ ነበር። በ1920ዎቹ ኤሳ ላሌ የተባለ የጋሞ ሰው ጣዖት ትታችሁ አንድ ፈጣሪን አምልኩ እያለ በአካባቢው ሰብኮ ታስሮ ነበር። በላዩ ላይ የገባር ሥርዓት ያስመረረው ሕዝብ የራሱ የሆነ ማኅበር ይፈልግ ነበር። ከዚህ ጅምር ያደገው ማኅበር ዛሬ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ብለን የምናውቃት ናት፤ በኢትዮጵያ ካሉት ትልልቅ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ።

የ1944ቱ ድንጋጌ፦ ካርታው ለሁለት ሲከፈል

ታዲያ ይህ ሁሉ በወሎ ለምን አልሆነም? እኔን ይበልጥ የሳበኝ ይህ ነው።

በ1944 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ድንጋጌ አወጣ። አገሪቱ በሁለት ተከፈለች፤ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል» እና «ክፍት ክልል»። በክፍት ክልል ሚሲዮን ማስተማርም መስበክም ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ክልል ግን ሆስፒታልና የሃይማኖት ልዩነት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት መክፈት ይችላል፣ ሰውን ከኦርቶዶክስ ወደ ሌላ መለወጥ አይችልም። የማስተማሪያ ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ተወሰነ።

መሐንዲስ ይህን ሲያነብ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። ሁለት እኩል ቀመሮች የተለያየ የድንበር ሁኔታ ሲሰጣቸው የተለያየ መልስ ያወጣሉ። ድርጅቱ አንድ ነው፣ ዘመኑም አንድ ነው። በደቡብ መልሱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በሰሜን ሆስፒታል።

ሕጉ ብቻ ነው ብንል ግን ወሎን አሳንሰን ማየት ይሆናል። ወሎ የራሷ የቆየ መጽሐፍ፣ የራሷ ሊቃውንት ያሏት አገር ናት። በአንድ በኩል ሐይቅ እስጢፋኖስና ላሊበላ፣ በሌላ በኩል በየጁ እንደ ዳና ያሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አሉ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች መሆናቸው በእኛ ዘንድ ወሬ አይደለም። ለደቡቡ ገበሬ አዲስ የነበረው ነገር፣ ማለትም ቅዱስ መጽሐፍ፣ የተማረ መምህር፣ ከመንደር የሰፋ ማኅበር፣ ለየጁ ገበሬ ድሮም ነበረው።

ውጤቱ በ2007 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ይነበባል። ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነው። በያኔው የደቡብ ክልል 55.5 በመቶ ሲደርስ፣ በአማራ ክልል 0.2 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ብቻ ካየነው ሚሲዮኑ በእኛ አካባቢ «አላደገም»። የአያቴ ወንድም ግን በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የሉም።

ቦሩ ሜዳ፦ ከአዋጅ ወደ አልጋ

ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ በ1878 አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የውስጥ ክርክር የተዘጋበት ቦታ ነው። የወሎ ሙስሊም መሪዎች ክርስትና እንዲነሱ የተደረገውም ከዚያው ጋር ተያይዞ ነው፤ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፣ ሼህ ጦልሃ ጃፈርን የመሰሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተዋጉ። ሃይማኖት በአዋጅ የተወሰነበት ያ ሜዳ በ1950ዎቹ ኤስ አይ ኤም የሥጋ ደዌ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ሆነ።

ጊዜው በአጋጣሚ ጥሩ ነበር። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ያገኘው በ1873 ነው። ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ያህል ግን በሽታው ስም እንጂ የረባ መድኃኒት አልነበረውም። በ1940ዎቹ ፕሮሚን የተባለው መርፌ፣ ተከትሎም ዳፕሶን የተባለው ርካሽ ኪኒን መጣ። ዳፕሶን ሥጋ ደዌን «ከሰው ተለይቶ መሞቻ» ከመሆን ወደሚታከም በሽታ ቀየረው። ቦሩ ሜዳ የተከፈተው ኪኒኑ ባለበት ዘመን ነው። በ1893 የወባ ሳይንስ ዘግይቶ ሁለት ሰው ገደለ፤ በ1950ዎቹ የሥጋ ደዌ ሳይንስ በሰዓቱ ደረሰ።

ግን ኪኒን ብቻውን አይበቃም ነበር። ባክቴሪያው ነርቭን ስለሚጎዳ እግር ስሜት ያጣል። ሚስማር ሲወጋ፣ ድስት ሲያቃጥል አይሰማም፤ ቁስሉ ነው ጣት የሚያስቆርጠው። ስለዚህ ቁስል የሚያጥብና የሚጠቀልል ድሬሰር፣ ልክ የሆነ ጫማ፣ ዓይን የሚያይ ሐኪም፣ ከሁሉ በላይ ለዓመታት ሳያቋርጥ ኪኒን የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ዳፕሶን ለብቻው ሲሰጥ ሕክምናው ዓመታት ይወስድ ነበር፤ ባክቴሪያውም ኋላ ላይ መድኃኒቱን መላመድ ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሦስት መድኃኒት በአንድነት እንዲሰጥ ከመከረ በኋላ ነው ሕክምናው ወደ 6 ወይም 12 ወር ያጠረው። ከዚያ በፊት «ታክሜ እመለሳለሁ» ማለት ግማሽ ዕድሜ ሊሆን ይችል ነበር።

የአያቴ ወንድምም አልተመለሱም። እዚያው ቁስላቸው ተሽሎ ጓሮ እያለሙ ኖሩ፣ ሚስት አገቡ፣ ልጅ ወለዱ። አያቴ ከዓመታት በኋላ በአውቶቡስ ሄዳ አይታቸው ነበር። «ምን አሉሽ?» ብዬ ጠይቄአት ነበር። «ከእጄ ቡና ተቀብሎ ጠጣ፤ እኔም ከእሱ ስኒ ጠጣሁ» አለችኝ። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእሷ ግን የታሪኩ ሁሉ ፍሬ ያቺ ስኒ ነበረች። ሃይማኖታቸውን ስለመለወጣቸው ስጠይቃት «እሱን አልጠየቅሁትም» አለች።

ዛሬ ቦሩ ሜዳ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። በቆዳና በዓይን ሕክምና ይታወቃል፤ በ2020 ኮቪድ ሲገባ በአካባቢው ለሕሙማኑ ማዕከል የሆነውም እሱ ነው። ተቋሙ ከመሥራቹ እጅ ወጥቶም ሥራውን ቀጥሏል።

የረሃብ መንገድ

በ66ቱ ረሃብ ጊዜ የወሎ ገበሬ ከየቀበሌው ወርዶ በዋናው መንገድ ዳር፣ በወልድያ፣ በቆቦና በቆረም ተኮለኮለ። በጥቅምት 1973 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያሳየው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የኦርቶዶክስ ወገኖች ተሰብስበው የክርስቲያን የእርዳታ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኋላ ሲአርዲኤ በሚለው ስሙ የታወቀው ማኅበር መነሻው የወሎ ረሃብ ነው። በዶግማ የማይስማሙ ድርጅቶች በመኪና ኪራይና በእህል ማከማቻ ተስማሙ።

በ77ቱ ክፉ ቀን ደግሞ ይኸው መንገድ እንደገና ተሞላ። በ1950 የተመሠረተው ወርልድ ቪዥን አላማጣ ላይ የምግብና የሕክምና ጣቢያ ይዞ ነበር፤ ጥቅምት 1984 የማይክል ቢዩርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ ከቆረም ወጣ። ከዚህ በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ «ሚሲዮን» የሚለው ቃል ቀስ እያለ በ«እርዳታ ድርጅት» ተተካ። እኔ ልጅ ሳለሁ መርሳ ላይ የሚያልፍ ነጭ ላንድክሩዘር ሁሉ «እርዳታ» ነበር፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ስሙ ሲቀየር፣ አቅጣጫውም ሲቀየር

ኤስ አይ ኤም ራሱስ ምን ሆነ? በ1982 በደቡብ አሜሪካ ከሚሠራ ሚሲዮን ጋር ተዋሃደ፤ በ1989 በእስያ ከሚሠራ፤ በ1998 በደቡባዊ አፍሪካ ከሚሠራ። «ሱዳን» የሚለው ቃል ስለማይገልጸው ምህጻሩን ብቻ አስቀርቶ ትርጉሙን ለወጠ። ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ውስጥ እንደሚሠራ ይናገራል። እንዲህ ያለው እድገት በከፊል ከውህደት የመጣ ነው፤ ወንዝ ገባር ሲቀበል እንደሚሰፋ ማለት ነው። ድርጅቶች «በዚህን ያህል አገር አለን» ሲሉ ስንቱን ራሳቸው እንደተከሉት፣ ስንቱን ደግሞ በውህደት እንደወረሱት መለየት ጥሩ ነው።

በደርግ ዘመን ብዙ ሚሲዮናውያን ወጡ፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የ1937ቱ ታሪክ ተደገመ፤ ማኅበሩ በአገሬው ሰው እጅ ሆኖ ቆየ፣ አደገም። አሁን ደግሞ ቃለ ሕይወት ራሷ ሚሲዮናውያን ወደ ውጭ አገር ትልካለች። በ1893 ከሰሜን አሜሪካ የተጀመረው መስመር አቅጣጫውን ቀይሯል።

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳነሳሁት ጥያቄ ልመለስ፤ የተለካው ምንድን ነው? የአማኝ ቁጥር ከለካን ወላይታ የስኬት ታሪክ፣ ወሎ የክሽፈት ታሪክ ይሆናል። የተሻለ ቁስል፣ የዳነ ዓይን፣ ወደ ሰው ማዕድ የተመለሰ እጅ ከለካን ውጤቱ ሌላ ነው። በሁለቱም ቦታ የጸናው ግን የአገሬው ሰው ተረክቦ የራሱ ያደረገው ሥራ ነው፤ በወላይታ ማኅበሩን፣ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታሉን።

ባለፈው ፋሲካ ከወልድያ ወደ ደሴ ስሄድ ሚኒባሱ መርሳ ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኗል። «ወዴት ነው አባባ?» አልኳቸው። «ቦሩ ሜዳ» አሉኝ፣ «ዓይኔን ሊያዩልኝ»። ማን እንደመሠረተው ያውቁ እንደሆነ ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ቀጠሮ እንዳያልፍባቸው ብቻ ነበር የሚጨነቁት።